ምስጢር የሚጠብቅ ባለሙያ ከመተማ ስንት ብር ይርቃል?

መልእክቱ የደረሰኝ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ በቴሌግራም ነው። ፎቶ የለውም፤ በስም ቦታው ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ ተቀምጣለች። «ሰላም። ዋጋው የማይከብድ፣ የነገሩትን ይዞ የማይዞር የሥነ ልቦና ባለሙያ ታውቃለህ? ያለሁት መተማ ነው። ስሜን ግን አትጠይቀኝ።»

እንዲህ ዓይነት መልእክት አልፎ አልፎ ይመጣልኛል። ብዙውን ጊዜ የፍቅር ጉዳይ ነው፤ ወይም የፈተና ውጤት፤ ወይም በሱዳን በኩል ሄዶ ድምፁ የጠፋ ወንድም። የዚህኛው ሌላ ነበር። እየጻፉ እያጠፉ፣ ሦስት ቀን ፈጅቶባቸው ነገሩኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው የሚያይላቸው ጾታና እሳቸው በውስጣቸው የሚያውቁት ጾታ ተስማምተው አያውቁም። ትራንስጀንደር የሚባለው ነው። ቃሉን ያገኙት ከስልካቸው ነው፤ ነገሩን ግን ስልክ ሳይኖራቸው በፊት ያውቁታል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አስቸገረኝ። አማርኛ «እሱ» ወይም «እሷ» ሳይል ሁለት መስመር አያስኬድም። የትኛውን ልጻፍ ብዬ ብጠይቃቸው «ሁለቱም ይቆጠቁጠኛል» አሉኝ። ስለዚህ አንቱ እላቸዋለሁ፤ ዕድሜያቸው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ቢሆንም። ሊያሳውቃቸው የሚችለውን ነገር ሁሉ፣ ሥራቸውንም ያደጉበትንም ከተማ፣ ሳልጽፍ ትቼዋለሁ።

ገና እዚህ ሲደርስ ጣቱን ወደ ኮሜንት የላከ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ስለ ጾታ ክርክር ልከፍት አይደለም። ሰው እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አስጠልቶት፣ ልቡ ያለ ምክንያት እየደለቀ ሲቸገር የት ይሂድ? የጭንቀቱ ምክንያት በአደባባይ የማይነገር ሲሆንስ? የእኚህ ወጣት ምስጢር ይኼ ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ መደፈር፣ የኤችአይቪ ውጤት፣ የፈረሰ ትዳር፣ በሱዳን መንገድ ላይ ያያችሁት ነገር። የምትፈልጉት ወንበር ግን ያው ነው።

እሳቸው አንድ ጊዜ ሞክረው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አማካሪ ነኝ የሚል ሰው ዘንድ እየከፈሉ ሦስት ጊዜ ሄዱ። በሦስተኛው ዋናውን ነገር ተናገሩ። ሳምንት ሳይሞላው የተናገሩት ነገር ቃል በቃል በአክስታቸው አፍ ተመልሶ መጣ። አማካሪውና አክስታቸው የአንድ ዕድር ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ስጠይቃቸው «ተወው» አሉኝ፤ ተውኩት። ቦርሳ ይዘው ወደ ቆላ የወረዱት በዚያው ወር ነው። «መተማ ማንም ማንንም አያውቅም» ያላቸው አንድ ሹፌር ነበር።

ሹፌሩ ግማሹን ተናግሯል። መተማ ዮሐንስ የእንግዳ ከተማ ናት። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ በየዓመቱ ከደጋው በብዙ ሺዎች የሚቆጠር ጉልበት ሠራተኛ ይወርዳል። ነጋዴው፣ ደላላው፣ የጭነት ሹፌሩ ይመጣል ይሄዳል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሱዳናዊውም፣ እዚያ ኖሮ የነበረው ኢትዮጵያዊም በጋላባት በኩል ድንበር አቋርጦ የገባው በዚችው ከተማ ነው። እንግዳ ስለበዛ ማንም አያጠያይቅም፤ ይኼ እውነት ነው። ያልተነገራቸው ግማሽ፣ ታመው ቢወድቁ ደግፎ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ሰው አለመኖሩ ነው። የቆላው ጤና ጣቢያም ወባና ካላዛር ሲያራውጠው የሚውል ነው። «እንቅልፍ አጣሁ፣ ሰውነቴ ዛለ» ብሎ ለሚሄድ ሰው መጀመሪያ የወባ ምርመራ ቢታዘዝለት አይግረማችሁ። (ለሐሜት አይደለም የምለው፤ በዚያ አገር ትክክሉም እሱ ነው።)

ወደ ጥያቄያቸው ልመለስ። ስንት ብር?

መጀመሪያ አዲስ አበባ ያሉ የግል የምክር አገልግሎቶችን አየን። ለአንድ ሰዓት የሚጠይቁት ገንዘብ ሰሊጥ ማሳ ላይ የብዙ ቀን ላብ ነው፤ ያውም በየሳምንቱ የሚደገም። ያንን መንገድ ቶሎ ዘጋነው። የቀረው የመንግሥት ሆስፒታል ነው። እዚያ የካርድና የምርመራ ክፍያው የሚቻል ነው። ኪስ የሚያራቁተው መንገዱ ነው። መተማ ሆስፒታል የሚገኘው በዞኑ መቀመጫ በገንዳ ውኃ ነው። ከዚያ ያለፈ ሕክምና ካስፈለገ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ከድንበሯ ከተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ። መሳፈሪያ፣ የአንድ ሌሊት አልጋ፣ ምግብ፣ የቀረ የሥራ ቀን፤ ሁሉም ሲደመር ካርዱ ከቁጥር አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ ይቃጠላል።

ስለዚህ ሂሳቡን ከመንገዱ ጀምራችሁ ሥሩ። ወደ ጎንደር ከመሣፈር በፊት ቅርብ ያለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ በየትኛው ቀን እንደሚሠራና ባለሙያው መኖሩን በስልክም ሆነ በሰው አጣሩ። የመጀመሪያውን ቀን በአካል ከታያችሁ በኋላ «ቀጣዩን በስልክ ማድረግ ይቻል ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለቱን ቀጠሮ ወደ አንድ የመኪና ወጪ ማምጣት ማለት ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው በመንግሥት ተቋም ወጪው በጣም ይቀልለታል፤ ግን ከታች፣ ከጤና ጣቢያ፣ የሪፈር ወረቀት ይዞ መውጣት አለበት። መድኑ ደግሞ የሚመዘገበው በቤተሰብ ነው። ከቤተሰብ ሸሽቶ የወጣ ሰው ደብተሩ እናቱ ቤት ቀርቷል። እኚህ ወጣት የደረሱት እዚህ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከኪሳቸው ከመክፈል ሌላ አማራጭ አልነበራቸውም።

ሪፈሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና። «ጤና ጣቢያ ሄጄ ምን ልበል? እዚያ ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ከእኔ ጋር ቡና ትጠጣለች» አሉኝ። መልሱ ቀላል ነው፤ ጤና ጣቢያ ምስጢራችሁን ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሕመማችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ወር ሆነኝ እንቅልፍ የለኝም። ልቤ ይመታል። ምግብ አይበላልኝም። ሥራ መሥራት አቃተኝ።» ይኼ ውሸት የለበትም፤ ለሪፈርም በቂ ነው። የጭንቀቱ ምክንያት ካርድ ክፍል ላይም፣ ተረኛው ጋም፣ ወረፋ ላይም የሚነገር አይደለም። በር ተዘግቶ ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር የሚነገር ነው፤ እሱም ከፈለጋችሁ።

የምትፈልጉትን ሰው ማዕረግም ማወቅ ይጠቅማል፤ የተሳሳተውን በር ማንኳኳት ገንዘብ ይበላል። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስት በንግግር ይረዳል እንጂ መድኃኒት አይጽፍም። ቆላ ላይ የማግኘት ዕድላችሁ የሚሰፋው ግን የአእምሮ ሕክምና ነርስ የሚባለውን ባለሙያ ነው። ታሪኩም አጭር አይደለም፤ አማኑኤል ሆስፒታል እነዚህን ነርሶች ማሠልጠን የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተመርቀው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተበተኑ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሳይካትሪስቶችን እዚሁ አገር ማስተማር የጀመረው እንኳ ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በመካከሉ የክፍለ ሀገሩን ሕመምተኛ ተሸክመው የቆዩት ነርሶቹ ናቸው። ስለዚህ «ዶክተር የለም፣ ነርስ ናት ያለችው» ስትባሉ ፊታችሁን አታዙሩ።

እንዲያውም ሰሚ ለመሆን ትልቅ ዲግሪ የግድ እንዳልሆነ በደንብ ያሳዩን ዚምባብዌዎች ናቸው። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሳይካትሪስት በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ላይ ሴት አያቶችን አሠልጥኖ፣ ከጤና ጣቢያ ደጅ ባለ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ የተጨነቀ ሰው እንዲያነጋግሩ አደረገ። የወዳጅነት አግዳሚ ይሉታል። የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥ፣ ለሳምንቱ የሚሞክረውን ትንሽ እርምጃ ራሱ እንዲያወጣ መርዳት። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እነዚህ አያቶች ያነጋገሯቸው ሰዎች የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት ይልቅ ከድብርትና ከጭንቀት በእጅጉ መሻላቸውን አሳየ። እኛም ዘንድ በጉራጌው ሶዶ ወረዳ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን አሠልጥኖ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ሰፈር የማውረድ ሥራ ተሞክሯል። መተማን በዓይነ ሕሊናዬ ሳያት፣ በረከቦቱ ዙሪያ ተቀምጠው የስንቱን ስደተኛ ታሪክ የሰሙ እናቶች ሞልተዋታል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ለእኚህ ወጣት ምስጢር ረከቦቱ ገና አልደረሰም።

ታዲያ ባለሙያው ፊት ተቀመጡ እንበል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የእናንተ ናቸው። እሱ እናንተን እንደሚመረምር እናንተም መርምሩት። «የምነግርህን ማን ያነበዋል? ካርዱ ላይ ምን ትጽፋለህ? ቤተሰቤ መጥቶ ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?» በሉት። ደህና ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ በግልጽ ይመልሳል፤ ምስጢር ሊወጣ የሚችልበትን ጥቂት ሁኔታም አይደብቅም፤ ለምሳሌ ሕይወታችሁ አደጋ ላይ ከሆነ። «ምነው፣ አታምነኝም እንዴ?» ብሎ የሚያኮርፍ ከሆነ ግን ስለ እንቅልፍ ብቻ አውርታችሁ ውጡ። ቀጥሎ ደግሞ ነገሩን በሦስተኛ ሰው መሞከር ይቻላል፤ «ጓደኛዬ እንዲህ ዓይነት ነገር አለበት፤ አንተ ጋ ቢመጣ ትቀበለዋለህ?» ፊቱን ተመልከቱ። አክስታቸው ጆሮ ከደረሰው ነገር በኋላ እኚህ ወጣት ሁለተኛውን ባለሙያ የፈተኑት በዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምስጢር ያለ ፈቃድ የሚያወጣ ባለሙያን ያስጠይቃል። የዕድር ወዳጅነት ከዚህ ነፃ አያወጣም። ግን ያው ሕግ አንቀጽ 629ም አለው፤ በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን ይቀጣል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ በውስጡ የሚሰማውን አይዘረዝርም። ሰፈሩ ግን ይህን ልዩነት አይለይም፤ ፖሊስም ሁልጊዜ ይለያል ብዬ አልምልላችሁም። ለዚህ ነው አፍ የሚያዘው። ሐኪም ዘንድ ስለ ስሜታችሁና ስለ ሕመማችሁ መናገር ትችላላችሁ፤ የሌላ ሰው ስም መጥራት ግን አያስፈልግም፤ ለሕክምናውም አይጠቅመውም።

ሌላ መታወቅ ያለበት ነገር፣ «አድንሃለሁ» የሚል ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባሻሻለውና ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የሕመሞች መዝገብ፣ የጾታ ስሜት ከአካል ጋር አለመጣጣም ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ ወጥቷል። ከዚያም በፊት የዓለም ሳይካትሪ ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. የሰውን ዝንባሌ በሕክምና ለመቀየር መሞከር ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና ጉዳትም እንደሚያመጣ አስታውቋል። ድብርት ግን ሕመም ነው፤ ይታከማል። ከፍርሃት የሚመጣ እንቅልፍ ማጣትም ይታከማል። ለድብርት የሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሲቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ የቆዩ መድኃኒቶች በዋጋም ከሌላው የሚሻሉ ናቸው፤ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ፣ ሲሻላችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። ጸበሉ ወይም ዱዓው የሚያጽናናችሁ ከሆነ እሱም ይቀጥል፤ ክኒኑን ግን ጎን ለጎን ዋጡ። የንስሐ አባትን ለጸሎት እንጂ ለሕክምና ምክንያት ዝርዝር መስጠት ግዴታ የለባችሁም።

እነሆ ስልኩ። ስልካችሁ በሩም ነው፣ ሌባውም ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቲክቶክ ላይ ሰዎችን በስምና በፎቶ እየለዩ የማጋለጥ ዘመቻ ሲካሄድ አይተናል። ስለዚህ «ቴራፒስት ነኝ» ብሎ ተከታይ የሰበሰበ ሁሉ ዘንድ ልባችሁን አትክፈቱ። የት ተማርክ፣ የሙያ ፈቃድህን የሰጠህ የትኛው ጤና ቢሮ ነው፣ የምትሠራው የት ሆስፒታል ነው ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ገንዘብ በቴሌብር ላኩ ካለ፣ ወይም ፎቶ ካለ፣ ብሎክ። ቴሌግራማችሁ ላይ የይለፍ ቁጥር አድርጉ፤ መልእክት ሲገባ ጽሑፉ በስክሪኑ ላይ እንዳይታይ አጥፉት፤ የውይይቱ ጽሑፍ ራሱን በራሱ እንዲያጠፋ ማዘዝም ይቻላል። ከባዱን ነገር በጽሑፍ ከመላክ በድምፅ መደወል ይሻላል፤ ስክሪንሾት አይነሣም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። ክልሉ ውስጥ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለረጅም ወራት ዳታ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ በኦንላይን ብቻ የሚታከም ሰው ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። የባለሙያችሁን ቁጥር ወረቀት ላይም ጻፉ፤ ስም አያስፈልገውም።

አንድ ቀን ሌሊት «ባይነጋ ደስ ይለኛል» ብለው ጻፉልኝ። በቴሌግራም የምመልሰው ነገር አልነበረም። ደወልኩ። ብቻቸውን እንዳያድሩ፣ የሚያምኑት የሥራ ባልደረባ ክፍል ሄደው እንዲተኙ ለመንኳቸው፤ ምክንያቱን ሳይናገሩ፣ «አሞኛል» ብለው። እንዲህ ያለ ሌሊት ሲመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። እዚያ ደርሶ «ራሴን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ» ማለት ብቻ ይበቃል። ጓደኛችሁ እንዲህ ካላችሁም ምክር ከማብዛት አብሮ ማደር ይበልጣል።

እሳቸው በመጨረሻ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሄዱ። ለካርድ የከፈሉት ከመንገድ ላይ ምሳቸው ያነሰ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያገኟት ነርስ በዕድሜ እናታቸው ትሆናለች። ካርዱ ላይ ያለውን ስም አየች፤ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ «ማን ብዬ ልጥራዎት?» አለች። ሰዓቱን ሙሉ አንቱ ስትላቸው ቆየች። ጎንደር ውስጥ አንቱታ የሽማግሌ ነው፤ ለሃያ ዓመት ልጅ አይባልም። «ትምህርት ቤት አልተማረችውም መሰለኝ» አሉኝ። «ዝም ብላ አወቀችበት።»

ስለ ጾታቸው ያወሩት በሁለተኛው ቀጠሮ ነው፤ እሱም ጥቂት ደቂቃ። ነርሷ ሆርሞን አልጠቀሰችም፣ ንስሐም አልጠቀሰችም። የጠየቀቻቸው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚበሉ፣ ሲጨልም ማን ጋ እንደሚሆኑና አክስታቸውን ይናፍቁ እንደሆነ ነው። በመጨረሻው ጥያቄ አለቀሱ። መድኃኒት ተጀመረላቸው። እንቅልፉ በወሩ ትንሽ ተመለሰ፤ ልብ ምታቱ ገና ነው። ሦስተኛውን ቀጠሮ መንገድ ተዘግቶ አመለጣቸው፤ ነርሷ በስልክ አነጋገረቻቸው፤ ያን ቀን የወጣው የአየር ሰዓት ብቻ ነበር።

አራተኛው ማክሰኞ ነው። እሑድ ማታ ሲጽፉልኝ መኪና መኖሩን መናኸሪያ ሄደው አጣርተዋል፤ የመሳፈሪያውን ብር ደግሞ ከሌላው ለይተው በመሐረብ ቋጥረው አስቀምጠዋል።